ቅቤ ነው ያልነው ሽታ

ቤታችን ይሸት ነበር። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ስለማልወድ ከመጀመሪያው ልናገረው። ሽታው የሚወጣው ከሳሎኑ ሶፋ ነው፤ ሶፋው ላይ የምትቀመጠው ደግሞ እናቴ ናት። ሁላችንም ቅቤ ነው አልን። እናቴ ራሷን ቅቤ ትቀባለች። ልጅ ሳለሁም ትቀባ ነበር፣ ዛሬም ትቀባለች። ቅቤው ከሻሿ አልፎ የሶፋውን መደገፊያ አጥቁሮታል። እንግዳ በሩ ላይ ሲደርስ አፍንጫውን ጨምደድ ሲያደርግ እኛ ቀድመን «የእማማ ቅቤ ነው» እንላለን። እሱም «ኧረ ምንም አይሸትም» ይላል፣ ውሸታም።

እናቴ እኛ ጋ የመጣችው ቤቷ ፈርሶ ነው። አባቴ ገብስ ይዘራበት የነበረው መሬት ዛሬ ፎቅ ቆሞበታል፤ ከፎቁ ሥር ሰዎች መኪና ያቆማሉ። እሷ ደግሞ ሰሚት ካለው ኮንዶሚኒየማችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወጣች። ወጣች ስል ተሸክሜ አወጣኋት ማለቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ለቤተ ክርስቲያን ካልሆነ አትወርድም። ዕድሜውን ሙሉ ደጅ የኖረ ሰው ፎቅ ላይ ሲያስቀምጡት ሶፋው አገሩ ይሆናል። እሷም የሶፋውን አንድ ጥግ ያዘች፤ ከመስኮቱ አጠገብ ያለውን፣ የአውሮፕላኖቹ ሆድ የሚታይበትን።

እኔ ግንበኛ ነኝ። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ድንጋዩን በእጄ ያቆምኩት ሕንፃ አለ፤ ዛሬ ልግባ ብል ጥበቃው ኪሴን ይዳብሳል። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ስለዚህ የምጽፈው እንደምናገረው ነው። የምናገረውን ደግሞ ብዙ ሰው አይወደውም።

ክረምቱ እንደ ገባ ለትልቋ ልጄ ሽማግሌ እንደሚላክ ተሰማ። ልጁ ቢሮ ይሠራል፣ አባቱ ነጋዴ ነው። ሚስቴ ነገሩን ያነሳችብኝ እናቴ ክፍሏ ገብታ ጋደም ባለችበት ሰዓት ነበር።

«ከፍልሰታ በፊት ባለው እሑድ ይመጣሉ» አለችኝ።

«ይምጡ።»

«የት ይቀመጣሉ?»

«ሶፋው ላይ ነዋ! ጣራ ላይ ልስቀላቸው?»

«ሶፋው ይሸታል።»

«ቅቤ ነው።»

ሚስቴ ወደ ክፍሉ በር አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሽታው እስከዚያ ካልወጣ እማማ ለጥቂት ቀን እህትህ ጋ ይቆዩ።»

ይህን «ለጥቂት ቀን» የሚሉትን ነገር አውቀዋለሁ። መሬታችንን ሊለኩ የመጡትም «አሁን ልኬት ብቻ ነው» ነበር ያሉን። እህቴ የምትኖረው ከለገጣፎ ወዲያ ነው። ቤቷ አንድ ክፍል፣ ባሏ ጠጪ። እናቴ አንዴ ከዚህ ቤት ከወጣች ልጅቱ እስክታገባ፣ ከዚያ መልሱ እስኪያልፍ፣ ከዚያ ሌላ ሰበብ እስኪገኝ እያልን እዚያው እንደምትቀር ልቤ ነገረኝ።

«ሽታው ይወጣል» አልኳት። «እናቴ አትወጣም።»

መጀመሪያ ልጄ ሞከረች። ስልኳን ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ አቼቶ በውኃ አርገህ ትረጫለህ ይላል። ከዛ ቤኪንግ ሶዳ ትነሰንስና ታሳድረዋለህ። በቃ፣ ኢዚ ነው።»

«ይላል የምትዪው ማን ነው?»

«ኢንተርኔት ነዋ።»

«ኢንተርኔቱ አያትሽን ያውቃታል?»

«አባዬ ደግሞ!»

ረጨች፣ ነሰነሰች። በማግስቱ እናቴ ከክፍሏ ወጥታ በሩ ላይ ቆመችና «በጠዋት ሰላጣ የሠራው ማነው?» አለች። ልጆቹ ሳቁ። ነጩ ዱቄት ከጨርቁ ጸጉር ውስጥ አልወጣ ብሎ እናቴ በተነሳች ቁጥር የቀሚሷ ጀርባ ወፍጮ ቤት የዋለ ሰው ይመስል ነበር። ሽታው ለግማሽ ቀን ያህል ተደበቀ። ዝናብ መጥቶ መስኮት ስንዘጋ እንደ ባለቤት ተመልሶ ገባ።

ቀጥሎ ሃያ ሁለት አካባቢ ሶፋ በማሽን የሚያጥቡ ወጣቶች አሉ ሲሉኝ ጠራኋቸው። አረፋ ነፉበት፣ አሹት፣ ማሽኑ እየጮኸ ውኃውን መልሶ ሲመጥ የወጣው እድፍ አተላ ይመስላል። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ሽቶ ረጩበትና ሄዱ። ግን ሐምሌ ነበር። በሐምሌ ስፖንጅ ማጠብ በሐምሌ ጤፍ እንደ ማስጣት ነው። ውስጡ የቀረው ውኃ አልደርቅ አለ። ሳምንት ሳይሞላው ቅቤው ላይ የረጠበ ውሻ ሽታ ተጨመረ፣ በዚያ ላይ የነሱ ሽቶ። ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ፀሐይ ያስፈልገዋል» አለኝ አንዱ።

«ታዲያ ፀሐዩን አብራችሁ ለምን አላመጣችሁም?» ብዬ ዘጋሁበት።

እናቴ ይህን ሁሉ የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጣ ታያለች። አንድም ቀን «ተዉት» አላለችም። ይህ ሊያስገርመኝ ይገባ ነበር፤ ስለ ሌላ ዕቃ ቢሆን ኖሮ «ለወንበር እንዲህ ይለፋል?» ትል ነበር። አንድ ጠዋት ራሷ ጠራችኝ።

«ልጄ፣ ሞኝ ሆናችኋል እንዴ? የወተት ዕቃ ሲሸት ምን ይደረጋል?»

«ይታጠናል።»

«በምን?»

«በወይራ።»

«ታዲያ ይሄ ምን ስለሆነ ነው በሳሙና የምትገድሉት?»

ነገሩ ልክ መሰለኝ። ያደግሁበት ነው። ቅሉ ይታጠባል፣ የወይራ ፍም ይገባበታል፣ ይከደናል፤ ጭሱ ውስጥ ውስጡን ሲዞር፣ የቆየው የወተት ሽታ ይሞታል። ከዚያ ቅል የሚጠጣ እርጎ ሌላ ነው። ሄጄ የወይራ ፍልጥ ገዛሁ። ሶፋውን ገልብጬ በሁለት ወንበሮች ላይ አጋደምኩት፣ ፍሙን በገል አድርጌ ከሥሩ አስገባሁ፣ ሁሉንም በብርድ ልብስ ሸፈንኩት። ቅል እንደሚከደን።

እናቴ አዛዥ ሆነች። «ፍሙን ቀንስ! ጭስ እንጂ እሳት አይደለም የምንፈልገው። በዚያ በኩል ይወጣብሃል፣ ክደነው!» ፎቅ ከወጣች ወዲህ እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ጉንጯ ቀልቷል።

ጭሱ በበሩ ሥር አልፎ ደረጃውን ሞላው። ከላይ ያለችው ጎረቤታችን «ኧረ እሳት! ኧረ የሰው ያለህ!» ብላ ጮኸች። የግቢው ጥበቃ ባልዲ ተሸክሞ እያለከለከ ደረሰ።

«ጋሼ፣ ምን እየተቃጠለ ነው?»

«ሶፋ እያጠንኩ ነው።»

«ሶፋ?»

«ሶፋ። ምነው፣ አትሰማም?»

ጎረቤቲቱ ከኋላው አንገቷን አስግጋ የተሸፈነውን ነገር አየችና «ውይ በሞትኩት! ሶፋው ሊያገባ ነው እንዴ ጭስ የሚሞቀው?» አለች። ደረጃው ላይ የተሰበሰበው ሁሉ ሳቀ። እናቴም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ቤቱ የታጠነ ቅል ሸተተ፤ ጥሩ ሽታ ነበር። ከዚያ ያ የድሮው ከጭሱ ሥር ቀስ ብሎ ብቅ አለ፣ ከበፊቱ ብሶ። ቅል ጭሱን በገላው ይይዘዋል። ስፖንጅ ግን የሰጡትን ሁሉ ይጠጣል እንጂ የጠጣውን አይተፋም። ይህን ሳናስብ ነው ያጠንነው። ሽታው መመለሱን ከሁላችንም ቀድማ ያወቀችው እናቴ ነች። ያን ዕለት ቅቤውን ጨመረች፤ ቀልጦ ግንባሯ ላይ እስኪወርድ።

«እማማዬ፣ ትንሽ ቀነስ ብታደርጊው?» አለቻት ልጄ፣ እያቆላመጠች።

«ራሴን ያመኛል» አለች እናቴ።

እሑዱ ሲቃረብ ሶፋውን ፒክአፕ ላይ ጭኜ ወሎ ሰፈር ወሰድኩት። እዚያ ጋራዦቹ መካከል ሶፋ የሚያለብስ ሰው አለ። በመቀሱ የመደገፊያውን ጨርቅ ቀደደው። ቅቤው ያጠቆረው እሱ ነውና የሽታው ጎጆ እዚያ ይሆናል ብዬ ነበር። ስፖንጁ ላዩ ላይ ብቻ ቢጫ ሆኗል፣ ውስጡ ነጭ ነው። ቀጥሎ መቀመጫውን ቀደደው።

አንድ ቦታ ብቻ፣ በመስኮቱ በኩል ባለው ጥግ፣ ቡናማ ክብ ነበር። በክቡ ውስጥ ሌላ ክብ፣ በዚያ ውስጥ ሌላ። ሽታው ፊቴን መታኝ። ከከብት ጋር ያደገ ሰው ይህን ሽታ ከምንም ጋር አያምታታውም። ሽንት ነው፤ የአንድ ቀን ሳይሆን የብዙ ጊዜ።

ሰውየው መቀሱን እንደ ያዘ ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ ቤት ውስጥ ሕፃን ልጅ አለ?»

ቤቴ ሕፃን የለም። የመጨረሻው ልጄ ከእኔ ይረዝማል። እኔ ደግሞ የመጣልኝን የምናገር ሰው ነኝ፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሟቹ ንፉግ እንደ ነበር ተናግሬ አውቃለሁ።

«አለ» አልኩት።

«የልጅ ከሆነ ቀላል ነው። ስፖንጁን ልቀይረውና ከጨርቁ ሥር ላስቲክ አለብሰዋለሁ። ከእንግዲህ ቢሸናበትም ወደ ውስጥ አይገባም።»

«አልብሰው።»

ቤት ስገባ ሚስቴ ወጥ ቤት ሽንኩርት ትከትፋለች። በሩን ዘጋሁት።

«ቅቤ አይደለም» አልኳት።

መክተፏን አላቆመችም። «አውቃለሁ።»

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«ሁሉንም። ቀሚሳቸውን በጠዋት ሻወር ቤቱን ቆልፈው ራሳቸው ያጥባሉ። ውኃ በጠፋ ቀን አልጋ ሥር ይደብቁታል። አውጥቼ አጥበውና አጥፌ ቦታው እመልሰዋለሁ። እሳቸው ምንም አይሉም፣ እኔም ምንም አልልም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለአንተ?» ቢላዋውን አስቀመጠችው። «አንተ አፍህ መዝጊያ አለው? ልጆቹ ባሉበት፣ ምሳ ላይ፣ ትጠይቃቸው ነበር። ከዚያ ምን ይዋጣቸው? ቅቤ ይባል። ቅቤ ማንንም አያሳፍርም።»

«ታዲያ እህቴ ጋ ትሂድ ያልሽው?»

«ያ ሁሉ ወንድ በተቀመጠበት ከሶፋው ሲነሱ ቀሚሳቸው ቢታይስ? ከዚያ በኋላ ይኖራሉ?»

ያን ሁሉ ጊዜ እኔ ሚስቴን በልቤ ክፉ ስላት ስከርም፣ እሷ እናቴን ከእኔ ስትሸሽጋት ነበር የኖረችው። ከእኔ አፍ።

ሶፋው አዲስ ጨርቅ ለብሶ መጣ፤ ያማረ፣ ደረቅ፣ ምንም የማይሸት። እናቴን እጇን ይዤ አመጣኋትና «ይኸው፣ ቦታሽ ላይ ተቀመጪ» አልኳት። ተቀመጠች። ከሥሯ ላስቲኩ ተንኮሻኮሸ።

«ምንድን ነው የሚንኮሻኮሸው?»

«ስፖንጁ አዲስ ስለሆነ ነው። ሲለምድ ይተዋል።»

በመዳፏ ተጫነችው። ተንኮሻኮሸ። ትንሽ ራቅ ብላ ሌላውን መቀመጫ ተጫነች፤ እሱ ዝም አለ። ለካ ሰውየው ላስቲክ ያለበሰው ያንን ጥግ ብቻ ነው። ቀና ብላ አየችኝ። ልጅ ሆኜ ጥጃው የት እንደገባ ስዋሻት የምታየኝ አስተያየት ነበር። ከዚያ ጉልበቷን ይዛ ተነሳችና የእንጨቱ ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

«ለእንግዶቹ ይሁን» አለች። «አዲስ ነገር ነው።»

በማግስቱ ልጄን ስልክ አስደውላ እህቴን ጠራቻት። የእህቴ ባል በባጃጅ መጣ። ልሸከማት ጎንበስ ስል በእጇ ገፋችኝና ብረቱን ይዛ ደረጃውን አንድ በአንድ ወረደች። ሚስቴ ትንሿን ቦርሳ ይዛ ከኋላ ተከተለቻት። እኔ ከላይ ቆሜ አየሁ። አፌ፣ ያ የማያርፈው፣ ያን ቀን ሥራ ፈታ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። እንደ ወጉ «ካልሆነልን አንቀመጥም» ብለው ቆሙ፣ እንደ ወጉ ለምነን አስቀመጥናቸው። ከሁሉ የሚበልጡት ሰው በዚያ ጥግ ተቀመጡ፤ ላስቲኩ ከሥራቸው ጮኸ፣ እሳቸው አላስተዋሉትም። ቤቱ አይሸትም። ሚስቴ ከወጥ ቤት በር ላይ ሆና አየችኝ፤ ሁሉም እንዳማረ ያወቀ ሰው አስተያየት።

ትልቁ ሰውዬ አባቴን ያውቁት ኖሯል። ያ አገር ገና እርሻ ሳለ ማለት ነው። የመጡበትን ከመናገራቸው በፊት ዞር ዞር ብለው ቤቱን አዩና «እናትህ ደኅና ናት?» አሉኝ።

«ደኅና ናት።»

«የት አለች?»

«እህቴ ጋ ሄዳለች።»

«በዚህ ቀን?»

ወደ መጡበት ነገር ገቡ፣ ልጁን አመሰገኑ፣ ዘሩን ቆጠሩ። የሴት ወገን በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ «ዘመድ እንመካከር» ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። ይህ ወግ ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አይቀየምበትም። እኔ ግን ከወጉ ወጣሁ።

«እናቴ በሌለችበት ልጅ አልሰጥም» አልኩ። «ፍልሰታ ሲፈታ ተመለሱ። ያኔ እሷ ካለች እንነጋገራለን፤ ከሌለች ባትመጡ ይሻላል።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከወጡ በኋላ ልጄ ዐይኗ ቀልቶ መጣች።

«አባዬ፣ ይሄ ለወጉ ነው ወይስ የምርህን ነው?»

«የምሬን ነው።»

«ባትመጣስ?»

እሱን ነበር እኔም የማስበው።

ፆሙ እንደ ገባ ሄድኩ። እናቴ ከእህቴ ቤት ደጅ አጎዛ ላይ ተቀምጣ ሰፌድ ላይ ምስር ትለቅማለች። እህቴን ገበያ ላክኋትና ከእናቴ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

«እንሂድ» አልኳት።

«ወዴት?»

«ቤት።»

«ቤቴማ ፈርሷል።»

«እኔ ቤት።»

«እዚህ ይሻለኛል። ደጅ አለ።»

ታክሲ ውስጥ ሆኜ የምለውን ሳሰላስል ነበር የመጣሁት። እኔና እሷ የምንነጋገረው በኦሮምኛ ነው፤ ቃሉን በኦሮምኛም ሞከርኩት፣ በአማርኛም ሞከርኩት፣ በሁለቱም አስቀያሚ ነው። ጽፌ እንዳላሳያት እሷ አታነብም። ያን ሁሉ ማታ ፊደል ስለቅም ከርሜ ለዚህች አንዲት ነገር አልጠቀመኝም።

«እማዬ» አልኳት፣ «ሶፋው ሲቀደድ አጠገቡ ነበርኩ። ቅቤ አልነበረም።»

ጣቶቿ ምስሩ ላይ ቆሙ።

«ልጅ ለእናቱ እንዲህ ይላል?»

«አይልም።»

«አባትህ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።»

«አባቴ የለም። ያለሁት እኔ ነኝ።»

ጥግ ላይ ዶሮ አፈሩን ትጭራለች።

«ሚስትህ ታውቃለች?»

«ታውቃለች። ከእኔ በፊት ታውቅ ነበር።»

«እሷማ ታውቃለች» አለች ቀስ ብላ። «ቀሚሴን የምታጥፍበት መንገድ የኔ አይደለም።» ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። «ልጅቱስ?»

«አታውቅም» አልኩ። እውነት ይሁን ውሸት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጠይቄያትም አላውቅም።

«በሽታ ነው፣ እማዬ። ሐኪም ያየዋል። ብዙ ሴት ላይ ይደርሳል ትላለች።»

«ማን?»

«ሚስቴ።»

እጇ እንደገና ምስሩ ውስጥ ገባ። አንድ ጠጠር አውጥታ ጣለች። ሌላ ፈለገች።

«ሐኪሟ ሴት ካልሆነች አልገለጥም» አለች።

«ሴት እፈልጋለሁ።»

«እንደ ልጄ ልጅ ያለች ጫጩት አታምጣብኝ። የወለደች ትሁን።»

«የወለደች እፈልጋለሁ።»

«አንተ ውጭ ትቆማለህ።»

«እቆማለሁ።»

«ከዚያ ወዲያ የት እንደምቀመጥ እኔ ነኝ የምናገረው። አንተም አይደለህ፣ ሚስትህም አይደለች፣ ሽማግሌም አይደለም።»

«እሺ» አልኳት።

አላመነችኝም፣ ፊቷ ላይ ያስታውቅ ነበር። ግን ሰፌዱን በእግሯ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «ጠጠሩ አይታየኝም» አለች። «ልቀም።»

ጎንበስ ብዬ መልቀም ጀመርኩ።